ያላየሁትን የመሰከርኩበት ደብዳቤ

በደሉ ይህ ነው፦ የሰፈራችንን የቦኖ ውኃ ቁልፍ ለብዙ ዓመት ይዛ የኖረች ሴት፣ ያላጠፋችው ጥፋት በጋዜጣ ተጽፎባት ከሥራዋ ወጣች። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህንንም የማስቀምጠው እንዲታወቅልኝ ሳይሆን እንዲታወቅብኝ ነው።

የምኖረው አሰላ ነው። ልጆቼን ድሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ እስከ አራተኛ ክፍል ገፍቼ አቆምኩ። ትምህርቴ ትንሽ ቢሆንም አድልዎ ሳይ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ዳቦ ቤት ተራዬን የነጠቀኝን ሰውዬ ከነዳቦው ወደ ሰልፉ ጭራ መልሼዋለሁ። ልጆቼ ከእኔ ጋር ገበያ መውጣት ያፍሩ ነበር። እኔ ግን በዚህ ጠባዬ እኮራ ነበር።

በዚያ በጋ በየቤታችን ያለው ቧንቧ ደርቆ ሰፈሩ በሙሉ ቦኖው ላይ ይሰለፍ ነበር። ቦኖው የሚከፈተው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤቴ መጣችና፣ ቁልፍ ያዥዋ ከሰዓቱ በፊት ከፍታ ለዘመዶቿ ስድስት ስድስት ጀሪካን እንደምትሞላ ነገረችኝ። እኔ በዚያ ሰዓት አልጋዬ ላይ ሆኜ ጉልበቴን ነው የማሸው። ቢሆንም አመንኳት። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ለጋዜጣ አዘጋጅ ጻፍኩ።

የመጀመሪያው ደብዳቤዬ አራት ገጽ ነበር። የአዘጋጁንና የቤተሰቡን ጤና ጠየቅኩ፣ ከዚያ ስለ ውኃው፣ ስለ መብራቱ፣ ወደ ኢተያ ስለሚወስደው መንገድ ጻፍኩ፤ ጉልበቴንም አልተውኩት። መልስ አልመጣም። ጋዜጣውን ገዝቼ የአንባቢያን ደብዳቤ የሚወጣበትን ገጽ ሳየው ግርጌው ላይ ማሳሰቢያ አለ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፣ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ይሁን፣ ጸሐፊው ስሙንና ስልኩን ይጻፍ፣ የሰማውን ሳይሆን ያየውን ያስፍር ይላል።

እንደተባለው አደረግኩ። ሰላምታውን ቆረጥኩ። መብራቱንና መንገዱን አወጣሁ። ስሜንና ስልኬን ጻፍኩ። የቀረኝ የመጨረሻው ነበር። «ሰምቻለሁ» የሚለውን ሰረዝኩና «በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩ። ደብዳቤው ያን ጊዜ ደህና ደብዳቤ ሆነ። ስምንት መስመር ነው፤ እያንዳንዱ እንደ ጥፊ ያማል።

ከሳምንት በኋላ ከጋዜጣው አንድ ሰው ደወለልኝ። ድምፁ የወጣት ነው፣ ትሑት።

«እማማ፣ በእርግጥ በዓይንዎ አይተዋል?»

«በዚህ ዕድሜዬ ልዋሽ እንዴ ልጄ?» አልኩት።

ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም ይቅርታውን ተቀበልኩ።

ደብዳቤው በወጣ ማግስት ቦኖው ላይ አንዱ ጮክ ብሎ አነበበው። ጋዜጠኛዋ መጡ እያሉ ይቀልዱብኝ ጀመር። «ይለፉ እማማ፣ ነገ እኛንም እንዳያወጡን» አለች አንዷ፣ ጀሪካኗን በእግሯ ገፋ አድርጋ መንገድ እየለቀቀችልኝ። አለፍኩ። ዕድሜ ልኬን ስለ ተራ ስጣላ የኖርኩት ሴትዮ፣ ጀሪካኔን ከሁሉም ፊት አስቀመጥኩ።

የውኃ ኮሚቴው ቁልፍ ያዥዋን ጠርቶ ጠየቃት። ውኃው ለለቅሶ ቤት ነው ብላ ነበር። እነሱ ግን ጋዜጣውን ዘርግተው፣ በዓይኗ ያየች ሴት አለች አሏት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ በኋላ በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ ማጠብ ጀመረች።

እውነቱን የነገረችኝ በዚያ ሰሞን ባሏ የሞተባት የዕድራችን ሴት ናት። የባሏ አርባ እንዳለፈ ቤቴ መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። ከበቆጂ የመጣው ለቅሶኛ ቤቱን ሞልቶት የሚጠጣ እንኳ ሲጠፋ፣ ቁልፍ ያዥዋ ሦስት ጠዋት ቦኖውን ከሰዓቱ በፊት ከፍታ፣ ራሷ ተሸክማ እንዳመጣችላት ቆማ ነገረችኝ። በእኛ ሰፈር ለቅሶ ያለበት ቤት ለውኃ አይሰለፍም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሦስቱንም ቀን ተቀምጬ ነበር። ውኃ ሲያዞሩ ጠጥቻለሁ። ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም።

ሴትዮዋ ከወጣች በኋላ ከሀፍረቴ የተነሣ መግቢያ አጣሁ። ሁለተኛውን ደብዳቤ ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ፣ የተሳሳተ ወሬ ደርሶኝ ስለነበር አንዳንድ አለመግባባት ተፈጥሯል ብዬ ላክሁ። ያው ሰው ደወለ።

«እማማ፣ ደብዳቤዎ አልገባኝም። አይተዋል ወይስ አላዩም?»

«አላየሁም።»

እንደዚያ ብዬ እንድጽፈው ነግሮኝ ስልኩን ዘጋ። በዚህኛው ጊዜ ይቅርታ አልጠየቀኝም።

ጻፍኩት። አላየሁም፤ አይቻለሁ ያልኩት ውሸት ነው፤ ሴትዮዋ ውኃውን የወሰደችው ለሐዘንተኛ ነው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በገጹ ጥግ፣ በትንሽ ፊደል ወጣ። ሰልፉ ላይ የሚያነበው ሰው ስላልነበረ እኔው አነበብኩት። ኮሚቴው ደግሞ ቁልፉን እንደሚመልስላት ነገረኝና፣ ጋዜጣውን ይዤ ቤቷ ሄድኩ።

ግቢዋ ውስጥ ያጠበችውን አንሶላ እያሰጣች ነበር። የአፍ ብቻ እንዳይመስላት ብዬ ይቅርታውን የጠየቅኳት በራሷ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ነው። ኮሚቴው ያለውንም ነገርኳት። አንሶላውን ዘርግታ እስክትጨርስ አላየችኝም። ከዚያ እጇን በቀሚሷ አደራረቀችና በአማርኛ፣ እኔ በጻፍኩበት ቋንቋ መለሰችልኝ።

«እኔ አፉ ብያለሁ እማማ፤ አላህም አፉ ይበልዎ። ቁልፉን ግን ሌላ ሰው ይያዘው። ከእንግዲህ ለቅሶ ቤት ውኃ ሲቸግረው፣ እጄ ለመክፈት ይፈራል።»