የተኛው ሣር

ታላቅ ወንድሜን የአረጋውያን ማረፊያው ሰው ሁሉ «ጣቱ» ነው የሚለው። የግቢው አትክልተኛ ነው፤ ጣቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ መሬት ውስጥ ሳይከት ጠብታ ውሃ አያፈስም። እርጥበት ካገኘ ቧንቧውን ዘግቶ ይሄዳል። እናታችን «ይሄ ልጅ ከሰው ይልቅ ለአፈር ጆሮ ይሰጣል» ትል ነበር። እኔ እዚያው ወጥ ቤት ነው የምሠራው።

በዚያ በጋ ሰማዩ ጨርሶ ረሳን። የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሆነ። ወንድሜ ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ሳትሻማው፣ ያለችውን ውሃ ሁሉ የትልቁን ዛፍ ሥር ቀስ እያለ ያጠጣባታል። እኔም አትክልት ያጠብኩበትን አጠራቅምለታለሁ። አዛውንቶቹ ቀኑን ሙሉ ጥላው ሥር ያንቀላፋሉ፤ ቅጠሉ ሲወዛወዝ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ይመላለሳል። ሽንኩርት እየላጥኩ በመስኮት ሳያቸው ግቢው በሞላ ሕልም የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

ሣሩ ግን ገለባ ሆነ። ኃላፊያችን አንድ ቀን ቆመው አዩትና «ሞተ እኮ» አሉ።

«ተኝቷል እንጂ አልሞተም» አለ ወንድሜ። «ዝናብ ሲመጣ ይነሳል።»

«ካልተነሳ ግን ሥራውንም ክፍሉንም ትለቃለህ።»

«እሺ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። በር ጥግ ካለችው ክፍል ሌላ ቤት የለው፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። እሱ ምን ገዶት፣ ለጥ ብሎ ይተኛል።

ሆዴ አልቻለም። እኩለ ቀን ላይ ሲያሸልብ ጠብቄ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ያለውን ሣር በጆግ በጆግ አጠጣሁት። በሳምንቱ አረንጓዴ ብቅ አለ፤ ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከዚያ ውሃው አሥር ቀን ሙሉ ጠፋ። የቀሰቀስኩት ሣር ያቺን የቀረችውን አቅሙን ጨርሶ ነበርና ክው ብሎ ደረቀ።

ዝናቡ መጣ። ቀስ በቀስ ግቢው በሙሉ ለመለመ፤ ከኔ በር ፊት፣ አልጋ ከምታህል ራቁት መሬት በቀር።

«ይሄስ?» አሉ ኃላፊው።

«እሱ የኔ ጥፋት ነው» አለ ወንድሜ። «የተኛውን ቀሰቀስኩትና የማጠጣው አጣሁ።»

ኃላፊው ያቺን መሬት አዩ፣ ልምላሜውን አዩ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ሥራውም ክፍሉም ተረፉለት።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ለእኔ መልቀሙም አልሆነልኝ። እፍረት ገደለኝ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ። የመጀመሪያው ቀን ጣቴን ስከት እርጥብ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

የጣቱን አፈር ሱሪው ላይ ጠረገ። «ስለኔ የሚጨነቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር» አለ። «ያ መጨነቅ ትንሽ ይቆይልኝ ብዬ ነው።»

ያቺን መሬት እስከ ዛሬ አልዘራባትም። ጠዋት ቧንቧውን ሲዘጋ በርጩማውን እዚያ ያስቀምጥና እኔ ሽንኩርት ስልጥ ያየኛል።