«ፊቱ ወደ ውጭ ይሁን»

ትናንት የእህቴ ልጅ ስልኳን አፍንጫዬ ስር አምጥታ ደቀነችው። ሥራዋ ማስታወቂያ ነው፤ ወሬዋም ያው ማስታወቂያ ነው። ስክሪኑ ላይ የጠፋ ልጅ ፎቶ አለ።

«ጋሼ፣ ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ። ከተማው በሙሉ አይቶታል!»

«ተገኘ?» አልኳት።

«እሱስ ገና ነው... ግን ሰው ሁሉ ሼር እያደረገው ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ሀሳቤ ጅማ ሄደ... ወደ ደርግ ጊዜዋ ጅማ።

ያኔ እዚያው ጅማ መርካቶ ውስጥ ጋዜጣ እሸጥ ነበር። ጋዜጣው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ፊቱም ስብሰባ፣ ጀርባውም ስብሰባ። እውነቱን ልናገርና፣ ገዝቶ ከሚያነበው ይልቅ ጨው ተጠቅልሎለት የሚያነበው ይበዛል። ባለሱቆች አሮጌውን ይወስዱና ጨውም በርበሬም ይጠቀልሉበታል። የአንዱ ዜና አናቱ ከጨው ጋር አንድ ቤት፣ ጅራቱ ከበርበሬ ጋር ሌላ ቤት ይገባል።

ከሱቄ ፊት ለፊት ሽንኩርት የሚሸጡ እናት ነበሩ። ሃዳ ነዚፍ እንላቸዋለን፤ የነዚፍ እናት ማለት ነው። ነዚፍ አንድ ልጃቸው ነው። ለቡና ለቀማ ወደ አጋሮ እንደሄደ ቀረ። ጊዜው የአፈሳ ጊዜ ነበር፤ ወጣት ከመንገድ ላይ እየታፈሰ ለውትድርና ይጫናል። ሁላችንም የጠረጠርነው ያንን ነው፤ ደፍሮ የሚናገር ግን የለም።

«ጋዜጣ ላይ ይውጣልኝ» አሉኝ። «መቼም አንድ ያየው ሰው አይጠፋም፣ ኢንሻአላህ።»

የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ጽፌ ወደ አዲስ አበባ ላክኩላቸው። ከነፎቶው ወጣ። ጣታቸውን ፊቱ ላይ አድርገው አለቀሱ፤ ከዚያ የዚያን ቀን የመጣውን ጋዜጣ በሙሉ ገዝተው፣ በነጠላ ቋጥረው ተሸክመው ሄዱ። ለዘመድ አዝማድ ሊያድሉት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ሳምንታት አለፉ። ስለ ነዚፍ የሚያወራ አንድ ሰው ጠፋ። ግራ ቢገባኝ በቾ ቦሬ የሚባል ሰፈር ያለው ቤታቸው ሄድኩ። ጋዜጣው ሁሉ በንጹህ ጨርቅ ተጠቅልሎ አልጋቸው ራስጌ ተቀምጧል።

«ምነው ሃዳ ነዚፍ? ሰው እንዲያየው አልነበር እንዴ?»

«ጨው ሊጠቀልሉበት?» አሉ በቁጣ። «ከዚያ መንገድ ላይ ሊጥሉት? ወላሂ፣ የልጄን ፊት ማንም አይረግጠውም!»

ምን ይባላል... እናት ናቸው። ቀስ ብዬ «እኔ ዘንድ ገዝቶ የሚያነበው'ኮ የቢሮ ሰው ነው። ነዚፍን ያየ ካለ ቡና ለቃሚ ነው። እሱ ጋ የሚያደርሰን ጨው ብቻ ነው» አልኳቸው።

በማግስቱ ያንኑ ነጠላ ተሸክመው መጡ። እኔም አዲስ አበባ ሳይሸጥ የተረፈ ካለ እንዲልኩልኝ ለምኜ ጨመርኩበት። ለአጋሮ ባለሱቆች ዕቃ የሚያከፋፍሉ ሐጂ ጠሃ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ፤ ለእሳቸው ሰጠናቸው። ሃዳ ነዚፍ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ።

«ሲጠቀልሉበት ፊቱ ወደ ውጭ ይሁን።»

ክረምቱ ወጣ፣ ቡናው ቀላ... ወሬ የለም። አንድ የገበያ ቀን ራሳችን ልንጠይቅ አብረን አጋሮ ሄድን። ሃዳ ነዚፍ አንዲት ትንሽ ሱቅ ገብተው ጨው ጠየቁ። ባለሱቁ ጠቅልሎ ሰጣቸው።

ነዚፍ ነው... ፊቱ ወደ ውጭ።

ጥቅሉን ወደ እሱ አዙረው «ይሄን ልጅ አይተኸዋል?» አሉት።

«አይቼዋለሁ እንጂ!» አለ ሰውየው።

«ያ ረቢ! አልሀምዱሊላህ!» ብለው ባንኮኒውን ያዙ። «የት? የት አየኸው?» አልኩት እኔ።

«ምን የት አለው፣ ሃዳ ኮ፣ እናቴ! አጋሮ ውስጥ እሱን የማያውቅ አለ እንዴ? የጨው ጥቅል ላይ ያለው ልጅ አይደል?»

ሃዳ ነዚፍ ጨዉን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ገልብጠው ቋጠሩ። ወረቀቱን አራግፈው፣ በመዳፋቸው አስተካክለው፣ ጉያቸው ከተቱት። አውቶቡስ ውስጥ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ምን አጠፋ... እኛም የፈለግነው ይህንኑ ነበር፤ ሰው ሁሉ እንዲያየው።

ነዚፍ አልተመለሰም። እሳቸውም በር በሩን እያዩ አረፉ።

«ጋሼ፣ ምን ሆንክብኝ?» አለች የእህቴ ልጅ ስልኳን እየመለሰች።

ከተማው በሙሉ አይቶታል አለችኝ... አጋሮም በሙሉ አይቶት ነበር።