የእጮኛዬ ባለራእይ

ቴፒ ውስጥ የቡና በሽታ ተመራማሪ ሆኜ ስሠራ፣ አንድ የታመመ ቅጠል እንኳ ሦስት ጊዜ ሳልመረምር ውጤት አልጽፍም ነበር። እጮኛዬ ማርታ ግን አንድ ቀን «ባለራእይዋ እትዬ ወርቄ ጸልየውልኝ ነበር፤ ጌታ አንተን አልፈቀደልኝም» ብላ ቀለበቴን መለሰችልኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የወደድኳትን ልጅ አንዲት ሴትዮ በአንድ ጸሎት ትንጠቀኝ? ደሜ ፈላ።

በዝናቡ ጭቃ እየተንሸራተትኩ እትዬ ወርቄ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጎደሬ እየላጡ ነበር። ሰላም እንኳ ሳልል፣ እናቴን የሚያህሉትን ሰው «አንቺ» እያልኩ ጮህኩባቸው።

«በምን ማስረጃ ነው? የኔን ትዳር የሚያፈርሰው የትኛው ቅዠትሽ ነው? አታላይ!»

ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እትዬ ወርቄ ቢላዋውን አስቀምጠው እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«ልጄ፣ እኔ ያየሁት ሰርጋችሁን ነው» አሉኝ። «እንዳየሁት፣ ጌታ ፈቅዷል ብዬ ነገርኳት። ስትሰማ አልቅሳ ወጣች።»

ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ያየኛል።

«እትዬ» አልኳቸው፣ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆኖብኝ፣ «እርግጠኛ ነዎት? እባክዎ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ደግመው ይዩልኝ።»