የይርጋ ክብደት

ይርጋ በዱመርሶ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ እሸት ቡና ተቀባይ ነው። ገበሬ ጆንያ ይዞ ሲመጣ ከመመዘኑ በፊት ይርጋ እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ይከታል። እሸቱ ዝናብ የነካው ከሆነ ውሃው አብሮ እንዳይመዘን "ይንጠፍጠፍ" ብሎ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል።

አምና አዲስ አበባ ውስጥ ካንሰር የያዘው የጉበቱ ክፍል በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ሐኪሙ ሲያሰናብተው የቀረው ጉበት መልሶ እንደሚያድግ ነገረውና፣ "ዋናው ሰውነትዎን መመለስ ነው። ከከሱ ማገገሙ ይከብዳል" አለው።

ባለቤቱ አትጠገብ ይህን ቃል እንደ አደራ ያዘችው። ጉበቱ የተነካ ሰው ከባድ ምግብ አይችልም ብላ ሥጋና ባቄላ ከለከለችው፤ እንቁላሉንም ለጎረቤታቸው ለታረቀኝ ሰጠች። በምትኩ የታመመ ሰውና የወለደች ሴት የሚጠገኑበት የቡላ ገንፎ ቀረበ። የጸሎት ቡድኗ ሴቶች ጨው ጠብሰቅ ባለበት ቅቤ እያሹ በየተራ አመጡለት።

ታረቀኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ይርጋን ደግፎ የጣቢያው ሚዛን ላይ ያወጣዋል፤ ክብደቱንም ይመዘግባል። ቁጥሩ በየሳምንቱ ጨመረ።

"በዚህ አያያዝህ ሚዛኑ አይበቃህም" ይላል ታረቀኝ። አትጠገብ ትሰማና ፈገግ ትላለች።

ይርጋም ደስ ብሎታል፤ ግን አንድ ነገር አልገባው አለ። ሱሪው አልቆለፍለት ብሏል፤ የእጅ ሰዓቱ ደግሞ ክንዱን ባነሳ ቁጥር እስከ ክርኑ ይንሸራተታል። አንድ ቅዳሜ ሚዛኑ ላይ እንደቆመ አጎንብሶ ቅልጥሙን በአውራ ጣቱ ጫነው። ጣቱን ሲያነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

"ታረቀኝ፣ ይሄ እሸት ርሷል።"

"የቱ እሸት?"

"እኔ። የጨመርኩት ውሃ ነው። ባይሆን ክንዴ የት ሄደ?"

ታረቀኝ ደግፎ ከሚዛኑ አወረደው።

ሰኞ ይርጋ ከአትጠገብ ጋር ዲላ ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አየው፤ ካንሰሩ አልተመለሰም፣ ሆዱ ውስጥ ግን ውሃ ተጠራቅሟል። መድኃኒት አዘዘለትና ሮሆቦት ወደምትባል የአመጋገብ ባለሙያ ላከው። እሷም ክንዱን በሜትር ለካች።

"ውሃ መሆኑንስ ገምቻለሁ" አላት ይርጋ። "የመጣበት መንገድ ነው ያልገባኝ።"

"ደም ውስጥ ውሃውን የሚይዝ ፕሮቲን አለ፤ የሚሠራው ጉበት ነው። የእርስዎ ጉበት ገና እያገገመ ነው፤ ከምግቡም ፕሮቲን አላገኙም። ውሃው ከደም ሥር ሾልኮ ወጣ፤ ጨው ደግሞ ሰውነትዎ ውስጥ አስቀረው።"

"ቡላው ነው?" አለች አትጠገብ ቀስ ብላ።

"ቡላ ጉልበት ይሰጣል፤ ጡንቻ ግን አይሠራም። ጨው ይቀንሱለት። እንቁላል፣ ባቄላና አሳ ይስጡት፤ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ሊተኛ ሲልም ጭምር።"

"እንቁላሉን ሁሉ ታረቀኝ በላው" አለች አትጠገብ።

"ለካ የወፈረው ለዚህ ነው" አለ ይርጋ።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ቁጥሩ ወረደ። የጸሎት ቡድኑ ሴቶች ደንግጠው እንደገና ቡላ አመጡ፤ አትጠገብ አመስግና ተቀበለችና ለይርጋ ግን ባቄላውን አስቀደመች። ታረቀኝ እንደ ልማዱ ሚዛኑን አየና ፊቱ ጠቆረ።

"ቀንሰሃል እኮ።"

ይርጋ ከሚዛኑ ሳይወርድ ክንዱን ወደ ላይ አነሳ። ሰዓቱ ጥቂት ተንሸራቶ ከእጁ አንጓ ብዙም ሳይርቅ ቆመ።

"ተንጠፍጥፌ ነው" አለ። "አሁን መዝግብ።"