አባቴ ከኋላ የሚቀመጥባት መኪና

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ጋራዥ አስገብቼ ቸርችል ጎዳና ዳር ታክሲ ስጠብቅ፣ ከጀርባዬ አንድ አሮጌ የናፍታ ሞተር አልነሳ ብሎ ሲያስል ሰማሁና፣ ምን እንደማደርግ እንኳ ሳላስብ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ ወርውሬ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ለመግፋት ዞርኩ። ሹፌሩ በመስተዋት አይቶኝ «ምነው እናቴ?» አለኝ። ሞተሩ በራሱ ጊዜ ተነሳና ጥቁር ጭሱን ፊቴ ላይ ለቆብኝ ሄደ፤ ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይይዝ ነበር፣ እኔ ግን ቆሜ ሳብኩት። የልጅነቴ ጠዋት ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚሸተው።

ያኔ ቤታችን ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ አሥር ቤተሰብ አንድ በር በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነበር። አባቴ ሰይድ በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ ፒያሳ ያደገ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እሱ በሰፋው ካፖርት ትከሻ ላይ አንዲት መጨማደድ አትገኝም ነበር። ከደንበኞቹ መካከል አንድ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ገፍቶ አገራቸው ሊገቡ ሲሉ፣ ለዓመታት የነዷትን መኪና ለማያውቁት ሰው መስጠት አላስችል ብሏቸው፣ በወዳጅ ዋጋ ለአባቴ ለቀቁለት። የመኪናዋን ስም አልናገርም፤ አፍንጫዋ ላይ የቆመችውን ባለ ሦስት ጫፍ ኮከብ ያየ ሁሉ ያውቃታል። ሰፈሩ ግን «ጀርመኗ» ብሎ ሰየማትና በዚያው ቀረች።

መሐንዲሱ ከቁልፉ ጋር ታሪኳንም ነው ያስረከቡት። አባቴ እሑድ እሑድ ቤት ይዞት የመጣውን ሥራ በእጁ እየሰፋ፣ እኔን ከጎኑ አስቀምጦ ያንን ታሪክ ይነግረኝ ነበር። ኮከቧ ሦስት ጫፍ ያላት በየብስ፣ በባሕርና በአየር እንሄዳለን ሲሉ ነው ይለኛል። ስሟ ደግሞ የአንድ ነጋዴ ሴት ልጅ ስም ነው፤ ሰውየው ልጁን ከመውደዱ የተነሳ ስሟን ለመኪና አወጣላትና ይኸው እስከ ዛሬ ዓለም ይጠራታል። ከሁሉ የሚወደው ግን የፈልሳፊውን ሚስት ታሪክ ነበር፤ ባሏ የመጀመሪያውን መኪና ሠርቶ፣ ሰው ምን ይለኛል እያለ ሲያመነታ፣ እሷ ሆዬ አንድ ማለዳ እሱ ሳይነቃ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ መኪናውን አስነስታ እናቷ ቤት ድረስ ሄደች። መንገድ ላይ የነዳጁ ቱቦ ሲደፈንባት በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው። እዚህ ጋ ሲደርስ አባቴ ስፌቱን አቁሞ መርፌውን ወደ ብርሃኑ ከፍ ያደርግና፣ ያለ መርፌ መኪና የሚባል ነገር እንደማይኖር ያስረዳኝ ነበር። እናቴ ደግሞ ከጓዳ ሆና እኔም አንድ ቀን አስነስቼ እናቴ ቤት ደሴ እገባልሃለሁ ትለውና ይሳሳቁ ነበር። እኔንም በጀርመኗ ትምህርት ቤት ታደርሰኛለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «እንዴታ፣ እኔው ራሴ» አለኝ። የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አመንኩት።

ታዲያ አባቴ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ከኋላ ነበር። መሪውን የሚይዙት ጋሽ ተክሌ ነበሩ፤ የግቢያችን ሰው፣ ጎንደሬ፣ የዕድሜያቸውን ግማሽ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ። ክረምት ሲገባ ጀርመኗ ብርድ አትወድም ነበርና ጠዋት ጠዋት ተገፍታ ነበር የምትነሳው። ጋሽ ተክሌ መሪው ላይ ተቀምጠው፣ ሴቱም ወንዱም፣ ቦርሳችንን ያዘልነው ተማሪዎችም ጭቃ ውስጥ ገብተን እንገፋለን፤ አባቴ ከሁላችን ፊት ሆኖ ይገፋል፣ ሞተሯ ሲነሳ ሮጦ የኋላውን በር ይከፍትና ገብቶ፣ ካፖርቱን አስተካክሎ ይቀመጣል። ለምን አንተ አትነዳም ስለው፣ መንገዱ ያዳልጣል፣ በጭቃ ለመንዳት እንደ ጋሽ ተክሌ የለመደ ሰው ያስፈልጋል ይለኝ ነበር። እውነት ነው፣ መንገዱ ያዳልጥ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ፣ እሺ አሁንስ አልኩት። አሁን ደግሞ ፀሐዩ ስፌት የጎዳውን ዓይኑን የሚወጋው ሆነ። ረመዷን ሲገባ፣ ጾም ይዞ መንዳት ጥሩ አይደለም፤ ረመዷን ሲወጣ ደግሞ፣ ጀርመን አገር ባለቤቱ ከኋላ ነው የሚቀመጠው፣ ደንቡ ነው አለኝ፣ ያውም እንደዚያ ኮስተር ብሎ። ወይ አባዬ! ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ማንም እንዲነካት አይፈቅድም፤ ራሱ ያጥባታል፣ ኮከቧን ከካፖርት በተረፈ ገበር ይወለውላታል፣ ከዚያም በሩን ከፍቶ የፊት ወንበሩን አቧራ እያራገፈ ለረጅም ጊዜ ያየው ነበር።

በጋው የሠርግ ወቅት ነውና፣ የሰፈሩ ሙሽራ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ያለ ጀርመኗ አይወጣም ነበር። መኪናዋን ሊለምኑ የሚመጡት ሽማግሌዎች ታዲያ አነጋገራቸውን ያውቁበታል፤ «ሰይድ፣ ሥራ እንደሚበዛብህ እናውቃለን፣ ባይሆን ጋሽ ተክሌ ይንዱልን» ይሉታል፤ አባቴም ትንሽ ያሰበ መስሎ ይፈቅዳል። እኔ ይህን ሁሉ የትልቅ ሰው ክብር አድርጌ ነበር የማየው፤ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። አንዲት የክፍሌ ልጅ ግን በዕረፍት ሰዓት ሰው ሁሉ ፊት «አባትሽ እኮ መንዳት አይችልም» አለችኝ። እስክታለቅስ ቆነጠጥኳት። አስተማሪዋ ፀሐይ ላይ አንበረከከችኝ፣ ዕንባ ሳይወጣኝ ተንበርክኬ ዋልኩ፤ ቤት ስገባ ስለ አባቴ ብዬ መቀጣቴን ለራሱ ለአባቴ በኩራት ነገርኩት። ደግ አደረግሽም፣ ክፉ አደረግሽም አላለኝም። ጉልበቴን ሲያሸኝ ቆየ።

ዘጠኝ ዓመት በሆነኝ በጥር፣ እናቴ ወንድሜን አርግዛ ነበር፤ ቀኗ ገና ነው ተብሎ ነበር። የጥምቀት ዕለት ጋሽ ተክሌ ነጭ ለብሰው፣ ከዋዜማው ጀምረው ታቦት አጅበው ጃንሜዳ ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ግማሹም እዚያው ነው። ረፋዱ ላይ እናቴን ምጥ ያዛት። እትዬ አስካለ፣ የጋሽ ተክሌ ባለቤት፣ እግራቸውን አሟቸው ቤት ቀርተው ነበርና ገብተው አይተዋት ሲወጡ ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። ልጁ በእግሩ ነው የሚመጣው፣ ቶሎ ሐኪም ካላያት ሁለቱንም እናጣለን አሉ። ከሱቁ ስልክ አምቡላንስ ተጠራ፤ በጃንሜዳ በኩል መንገዱ በሕዝብ ተዘግቷልና ይቆያል ተባለ። ታክሲ የሚባል የለም። ቃሬዛ ይምጣ ሲባል ደግሞ እናቴ ከዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል ቀና ብላ፣ «እኔ ሳልሞት በቃሬዛ አልወጣም» አለች፤ እናቴን የሚያውቅ ሰው ይህን ካለች በኋላ አይከራከራትም።

ሁሉም ሰው ወደ ጀርመኗ ዞረ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ እናቴ በምጥ ተይዛ እኔ ደስ አለኝ፤ አባቴ ሊነዳ ነዋ! እናቴን ከኋላ አስተኟት፣ እትዬ አስካለ ጭንቅላቷን ታፋቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፣ እኔ ከፊት ገባሁ። አባቴ መጥቶ የፊቱን በር ከፈተና ገብቶ ተቀመጠ። በመርፌ የተበሳሱ ሁለት እጆቹን መሪው ላይ አደረገ። ከውጭ ከቆመው ሰው ለመግፋት ማንም አልተጠጋም። ሁሉም እሱን ይጠብቃል። አባቴ ወደ እነሱ አላየም፤ ወደ እኔ ዞረ።

«ዘሃራ፣» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «አባትሽ መንዳት አይችልም።»

እትዬ አስካለ ከኋላ ተቀበሉት። «አሁን እሱን ተወው ሰይድ፣ እናውቃለን። ሆስፒታሉ ከታች ነው፣ መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ሞተር ምን ያደርግልናል? ማርሹ ባዶ ላይ ይሁን። መሃል ያለችውን እርገጣት፣ እሷ ፍሬን ናት።» ከባላቸው ጎን ተቀምጠው ስንት አገር የዞሩ ሴት ናቸው።

እንዲህ ሆነን ወጣን። እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ገፉን፤ ቸርችል ጎዳና አናት ላይ ስንደርስ ደግሞ ከኋላዋ ገመድ አሰሩና፣ ስንት ክረምት ሲገፏት የኖሩ ሰዎች አሁን እንዳትሮጥ ወደ ኋላ ይዘው ይጎትቷት ጀመር። ሴቶቹ በጎንና በጎን በሩን ይዘው ይሮጣሉ፣ አንዱ ነጠላው ወድቆበት ሊያነሳው እንኳ አልቆመም። በበዓሉ ምክንያት መንገዱ ከመኪና ባዶ ነበር። ሞተር የሌለው መሪ ከባድ ነውና አባቴ በሙሉ ሰውነቱ ነበር የሚያዞረው፤ ላቡ ከአገጩ ላይ ይንጠባጠባል፤ እትዬ አስካለ ያዝ፣ ትንሽ ልቀቅ፣ ያዝ ይሉታል። እናቴ ያ አላህ ስትል እሳቸው ማርያም ትቅረብሽ ይሏታል፣ እሷም አሜን ትላለች። መንገድ ዳር የቆሙ ሴቶች ጀርመኗን በሠርግ ነበርና የሚያውቋት፣ ሙሽራ መስሏቸው እልል አሉልን። እኔ የማየው የአባቴን እግር ብቻ ነበር፣ ፍሬኑን ሲረግጥና ሲለቅ፣ ሲረግጥና ሲለቅ። ከሆስፒታሉ በር ላይ ስንቆም የኋላው ገመድ ከሰዎቹ መዳፍ ላይ ቆዳ ገፎ ነበር።

ወንድሜ በእግሩ መጣ፣ ግን በሕይወት መጣ፤ እናቴም ተረፈች። ጋሽ ተክሌ ከጃንሜዳ ተመልሰው ነገሩን ሲሰሙ፣ እኔ በሌለሁበት ብለው ከመናደዳቸው ብዛት መቀመጥ አቃታቸው፤ በሳምንቱ ጃንሜዳ ወስደው ሊያስተምሩት ቢነሱ፣ አባቴ ሞተር ሳያስነሳ ቸርችልን የወረደ ሰው ከዚህ በኋላ ምን ይማራል ብሎ ሳቀባቸው። የኋላ ወንበሩ ላይም ተመልሶ ተቀመጠ፤ አሁን ግን ስለ ጭቃውም ስለ ፀሐዩም ምንም አይልም፣ እኔም አልጠይቅም። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ተቀይሜው ነበር። ያቺን ልጅ በከንቱ ቆንጥጫለሁ፣ በከንቱ ተንበርክኬያለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ መጀመሪያ ያሳየሁት እሱን ነበር። ጀርመኗን ሙሽራ የሚያመላልስ አንድ ሰው ከገዛት ቆይቷል፤ አባቴም አርጅቷል። መነጽሩን አድርጎ ከፊትም ከጀርባም አነበበው፣ ፎቶዬን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። እኔም የዚያን ሁሉ ጊዜ ጥያቄዬን አወጣሁት፤ ሰፈሩ በሙሉ እያወቀ ለምን ከሰው ትደብቅ ነበር አልኩት።

«ከሰው መች ደበቅሁ?» አለኝ። «ማወቃቸውንም አውቅ ነበር። የማታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ እኔም እንዳታውቂ ነበር የምፈልገው።»

ተመልሶ መንጃ ፈቃዴን ማንበብ ቀጠለ። አቅፌው አለቀስኩ፤ ምነው፣ አለፍሽ አይደል እንዴ እያለ ይቀልድብኛል። በዚያው በጋ መጨረሻ አረፈ፣ አላህ ይዘንለት።

ዛሬ ያ ግቢ የለም። ቦታው ላይ ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና አበባ አለ፤ ያምራል፣ አያምርም አልልም። የግቢያችን ሰዎች በየአቅጣጫው ተበትነው፣ እኔ የከተማው ዳር አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ትንሿ መኪናዬን በሕይወቷ ማንም ገፍቷት አያውቅም፤ ባለፈው ክረምት ባትሪዋ ሲሞት በሯን ዘግቼ ውስጧ ተቀምጬ ስልክ ደወልኩ፣ አንድ ልጅ መጥቶ በአሥር ደቂቃ አስነስቶልኝ ሄደ፣ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር፤ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እናቷ የሚያቅታት ነገር ያለ አይመስላትም። እኔም እንዳይመስላት ነው የምፈልገው። ጎረቤቶቼ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ ምን እንደማልችል ግን አንዳቸውም አያውቁም።