ጫፍ የሌለው ቢላዋ

በዚያ የታኅሣሥ ጠዋት በቀጥቃጩ ዳስ አምስት ሰዎች ነበርን። ቀጥቃጩ ከፍሙ ኋላ እግሩን አጥፎ ተቀምጧል። ሚስቱ ከጎኑ ሆና ወናፍ ትነፋለች። የአባቴ ታላቅ ወንድም የዳሱን ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ አላለፈም። እናቴ ከውጭ፣ ከግራሩ ጥላ ሥር፣ የተጫኑትን ሦስት አህዮቻችንን ይዛለች። እኔ በፍሙና በምሰሶው መካከል፣ መሬት ላይ ከተነጠፈው የፍየል ቆዳ ፊት ቆሜአለሁ። ቆዳው ላይ ሦስት ቢላዎች ተደርድረዋል።

ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ገደማ ነበር። ጣሊያን ከሸዋ ሮቢት ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ የሚሠራበት ጊዜ ነው። አባቴን በዚያው ዓመት መግቢያ ላይ ወባ ወስዶብን ነበር። ሥራው ከቀወት ማሽላ ጭኖ ደብረ ሲና መውጣት፣ ከዚያ ባቄላና ገብስ ጭኖ መውረድ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበረው እኔ ከትንሽነቴ ጀምሮ አህዮቹን እየነዳሁ እከተለው ነበር።

አባቴ ሲሞት አጎቴ፣ “አህዮቹ ወደ እኔ ግቢ ይግቡ፤ ከእኔ አህዮች ጋር ይነገድባቸው፤ ድርሻችሁን እሰፍርላችኋለሁ” አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን እሱ ሰፋሪ ከሆነ እኛ ቁና ይዘን ደጁ ቋሚዎች መሆናችን ነው። እናቴ ይህን አልወደደችም። “ልጄ መንገዱን ታውቀዋለች” አለች። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ አጎቴ እንዲህ ሲል ቆረጠ፤

“ያን ዳገት የሚወጣ ሰው ወገቡ ላይ ለሁሉም ሥራ የሚሆን ቢላዋ ያስፈልገዋል። የወንድሜ ቢላዋ እንደሆነ ኬላ ላይ ቀርቷል። እንግዲህ ልጅቷ የሚሆናትን እኔ ፊት ትምረጥ። ካወቀችበት ትሂድ። ካላወቀችበት አህዮቹን ከዚያው ነድቼ እገባለሁ።”

እናቴ እሺ አለች። አህዮቹን ጭነን የመጣነው በዚህ ምክንያት ነው። ከዳሱ ወይ ወደ ዳገቱ ወይ ወደ አጎቴ ግቢ ይሄዳሉ።

የመጀመሪያው ቢላዋ ረጅም ነበር፤ በሁለቱም ጎን ስለት ያለው፣ እጀታው ከቀንድ የተሠራ፣ እንደ መስተዋት ፊት የሚያሳይ ጩቤ። አጎቴ ከምሰሶው ሳይነቀል በአገጩ አመለከተኝ።

“ይሄ ነው ቢላዋ ማለት።”

አንሥቼ መዘንኩትና መልሼ አስቀመጥኩት። “ሥራ የለውም፣ ጋሼ። ሁለት ስለት ስላለው አውራ ጣቴን ጀርባው ላይ አድርጌ መጫን አልችልም። ቀንዱም እጅ ሲያልበው ያሟልጫል።”

“ሰው ይፈራዋል እኮ!”

“አህያ አይፈራውም።”

የቀጥቃጩ ሚስት ወናፉን እየነፋች ሳቀች። “የእርስዎም ጩቤ ይፈራል ሲሉ ሰምተናል። ፈርቶ አይደል እንዴ ጣሊያን ከገባ ጀምሮ ከቤትዎ ክዳን ሥር ያልወረደው?”

“አንቺ እሳትሽን ንፊ” አላት አጎቴ።

ሁለተኛው ከአሮጌ ዶማ ብረት የተቀጠቀጠ ቀጭን ቢላዋ ነበር። ቀላል ነው፤ ለእጄም ይስማማል። ጫፉን ቀጥቃጩ ፊት ካለው የእንጨት ግንድ ላይ ተክዬ ገፋ አደረግሁት። ጎበጠ፤ ስለቀው ግን አልተቃናም። ቀጥቃጩ ከእጄ ወሰደውና ከፍሙ አጠገብ ወረወረው።

ሦስተኛው አጭርና ወፍራም ነበር፤ ስለቱ ከመዳፌ ትንሽ ይበልጣል። ጥቁር ነው፤ አልተወለወለም። ቀጥቃጩ ብረቱ ከምን እንደመጣ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ከመንገድ ሥራው የተሰበረ የካሚዮን ባሌስትራ፣ ከሥር ሆኖ ጭነቱን የሚያነጥረው ብረት፣ መሆኑን ግን ሁላችንም አውቀናል። እሱንም እንደዚያኛው ግንድ ላይ ተክዬ ገፋሁት። ጎበጠና ስለቀው ተቃና። የእንጨት እጀታውን ገልብጬ አየሁ። የብረቱ ጭራ እጀታውን ዘልቆ በወዲያ በኩል ይታያል፤ በሁለት ምስማር ተመቷል። እርጥብ የማሽላ አገዳ ቆረጥኩበት፤ በአንድ ምት ሄደ። ከዚያ ደረቅ የግራር ቅርንጫፍ ፈለጥኩበት። ስለቱን በጥፍሬ ላይ ቀስ ብዬ ጎተትኩት። የተሸረፈ ቦታ ካለ ጥፍር ይይዛል፤ ምንም አልያዘኝም።

“ይሄን ነው የምፈልገው” አልኩ። “ግን ጫፉን ይቁረጡልኝ።”

ወናፉ ቆመ።

“ምን አልሽ?” አለ ቀጥቃጩ።

“ጫፉን። ደነዝ ክብ ይሁንልኝ፤ እንደ አውራ ጣት።”

“አንቺ ልጅ፣ ይህን ጫፍ ለማውጣት ብረቱን ስንት ጊዜ እሳት እንደመለስኩት ታውቂያለሽ?”

አጎቴ ምሰሶውን ለቆ ከት ብሎ ሳቀ። “ሰማሽ፣ እትዬ?” ብሎ ወደ እናቴ ተጣራ። “አፍንጫው የተቆረጠ ቢላዋ ልትገዛልሽ ነው። ደብረ ሲና ገበያ ይዛው ብትወጣ አህዮቹ ራሳቸው ይስቁባታል!” ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። “እሺ፣ መንገድ ላይ ፍየል ወይም በግ ነፍሱ ልትወጣ ቢያጣጥር በዚህ ምን ልታደርጊ ነው? ቆመሽ በክት ሲሆን ልታዪው ነው?”

“ማረድ በስለት ነው እንጂ በጫፍ አይደለም፣ ጋሼ። ቢስሚላሂ ብሎ መጎተት ነው።”

“ሴት ያረደችውን ማን ሊበላ!”

“እኔ እበላለሁ” አለች እናቴ ከውጭ። “አባቷ ሲያስተምራት ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ሴትም ታርዳለች ብሏል። ወንድም ጋሼ ካልበሉ ለእኛ ይበዛልናል።”

የቀጥቃጩ ሚስት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አጎቴ ግን ቀላል ሰው አልነበረም፤ ሲሳቅበት ቶሎ ወደ ቁም ነገሩ ይመለሳል። “ምክንያቱን ንገሪኝ” አለ።

ነገርኩት። አንድ ጊዜ ዝናብ ዳገቱን አርሶት ሳለ አንዲት አህያችን ተንሸራተተች። ጭነቱ ወደ ገደሉ በኩል ዞሮ ይጎትታት ጀመር። አባቴ ጭነቱን ያሰረውን ጠፍር ለመቁረጥ ቢላዋውን በጠፍሩና በሆዷ መካከል ሰደደ። አህያዋ ተወራጨች፤ ጫፉም ገባባት። ጭነቱ ወርዶ ከገደሉ ተረፈች፤ ቁስሉ ግን አመርቅዞ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። አባቴ ይህን ለማንም፣ ለወንድሙም እንኳ፣ አውርቶ አያውቅም። እኔ ከኋላ ጭራዋን ይዤ ስለነበር አይቻለሁ።

“ከዚያ በኋላ ኬላው መጣ” አልኩት። “አስካሪዎቹ፣ እነዚያ ለጣሊያን ያደሩት ወታደሮች፣ የመንገደኛውን ቢላዋ ተቀብለው ሳንቃ ላይ ይሰኩታል። ከተሰካ ጦር መሣሪያ ነው ብለው ይወስዱታል። የአባቴ የሄደው በዚህ ነው። ይሄኛው አይሰካላቸውም።”

ቀጥቃጩ ቢላዋውን ከእጄ ተቀብሎ ብዙ አገላበጠው፤ ከዚያ ጫፉን ፍሙ ውስጥ ሰደደ። ሚስቱ ወናፏን ጀመረች። ሲቀላ አወጣና በመሮ በአንድ ምት ቆረጠው። ዙሪያውን ሞርዶ፣ እሳትና ውኃ አሳይቶ፣ ስለቱን እንደገና ስሎ ሰጠኝ። ፊቱ አሁንም አልተፈታም።

“አሳዪኝ” አለ አጎቴ። “በቃል አይደለም። ግራጫዋ ላይ።”

ግራጫዋ ከሦስቱ ደንጋጣዋ ናት። በኋላ፣ ጣሊያን ከወጣ ወዲያ፣ ትምህርት ቤት ገብቼ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ተምሬአለሁ፤ ብዙ ፈተና ላይ ተቀምጫለሁ። እጄ እንደዚያ ጠዋት ጸጥ ያለበትን ቀን አላስታውስም።

ወጥተን ግራሩ ሥር ቆምን። እናቴ የግራጫዋን አንገት ያዘች። ቀጥቃጩና ሚስቱ ዳሳቸው አፍ ላይ ቆመው ያያሉ። በአንድ ጉልበቴ ተንበርክኬ የቢላዋውን ጀርባ ወደ ሆዷ፣ ስለቱን ወደ ጠፍሩ አድርጌ ደነዙን ጫፍ አስገባሁ። ልክ ሲገባ አጎቴ ምንም ሳይናገር የአህያዋን ቂጥ በመዳፉ ጯ አደረገው።

አህያዋ በአራት እግሯ ዘለለች። እናቴ፣ “ያ ረቢ!” ብላ ጮኸች። እኔ ቢላዋውን አላወጣሁም። ከእሷ ጋር ተነሥቼ ወደ ራሴ ሳብኩ። ጠፍሩ ተበጠሰ፤ ሁለቱ ስልቻዎች ግራና ቀኝ ወደቁ፤ ግራጫዋ ጭነቷን ጥላ ጥቂት ሮጠችና ቆመች።

አጎቴ ሄዶ ያዛት። ጎንበስ ብሎ መዳፉን ከደረቷ እስከ ኋላ እግሯ ድረስ በሆዷ ሥር አሳለፈ። አውጥቶ አየው። ላብ ብቻ ነበር። እንደገና አሳለፈ። አሁንም ላብ ነው።

“ማነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?”

“ማንም። አይቼ ነው።”

መዳፉን በጋቢው ጠረገ። “ወንድሜ ይህን ቢያይ ደስ ይለው ነበር” አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእናቴ።

እናቴ የተበጠሰውን ጠፍር አንሥታ እያየች፣ “ደህና ጠፍር አበላሻችሁብኝ” አለች። ፊቷን ግን ከእኛ አዙራ ነበር።

ጠፍሩን ቋጠርኩት። ስልቻዎቹን ለማንሣት ጎንበስ ስል አጎቴ ቀደመኝ። አንዱን እሱ፣ አንዱን እኔ ይዘን እኩል አነሣንና ግራጫዋን ጫንናት። ጠፍሩን በሆዷ ዙሪያ አሳልፎ ጫፉን ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔ አሰርኩት። የቀጥቃጩ ሚስት ከዳሱ የቆዳ አፎት ይዛ መጣችና ቢላዋውን ከተተችልኝ። መቀነቴን ፈትቼ አፎቱን በግራ ጎኔ አሰርኩት፤ ስቀመጥ እንዳይወጋኝ፣ ቀኝ እጄም ሳይፈልግ እንዲያገኘው። ወጋ የሚያደርግ ጫፍ እንደሌለው ትዝ ያለኝ ካሰርኩት በኋላ ነው።

“ኬላው ላይ አንገትሽን አትድፊ” አለኝ አጎቴ። “ከጠየቁሽ የአጎቴ አህዮች ናቸው በያቸው።”

“የእናቴ ናቸው እላቸዋለሁ” አልኩ።

አየኝ፤ ከዚያ ከመንገዱ ዘወር አለልኝ። ግራጫዋን አስቀድሜ ሦስቱንም ነዳኋቸውና ወደ ዳገቱ ሄድኩ።