በሥዕሉ ላይ የተኛው ሰውዬ

ልጅ ሳለሁ፣ ባሕር ማዶ፣ ስካርቦሮ በነበረው አፓርትመንታችን፣ ከአባባ ወንበር በላይ አንድ የቆየ የሕትመት ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። አባባ የእናቴ አባት ናቸው፤ ሰሜን አገር፣ የሃ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ኖረው፣ በስተርጅና እኛ ዘንድ የመጡ። ሥዕሉም አንድ አውሮፓዊ መንገደኛ ድሮ የሣለው የየሃ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ነው፤ ጣሪያ የሌለው ግድግዳ፣ ዙሪያውን ቁጥቋጦ፣ ከሥሩም ጋቢ ተከናንቦ አንገቱን የደፋ ሰውዬ። ያኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ውጭ በረዶው ሲጥል፣ አባባ መብራታቸውን ወደ ሥዕሉ አዙረው ስለዚያ ግቢ ያወሩልኝ ነበር፤ እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ግማሹንም አልሰማም ነበር።

አንድ ጊዜ ሥዕሉን ለክፍል ፕሬዘንቴሽን መረጥኩትና ዋዜማውን ፊታቸው ቆሜ ተለማመድኩ።

«ይህ የተረሳ ቤተ መቅደስ ነው። ሰው ሁሉ ትቶት ሄዷል። ይሄ ሰውዬም ተኝቷል።»

«ማነው የተኛው?» አሉ አባባ።

«ሰውየው ነዋ። ይዩት፣ አባባ፣ ዓይኑን ጨፍኗል እኮ።»

«ጉድ ፈላ! እያስቀደሰ ነው እንጂ ምን ይተኛል! ቤተ ክርስቲያኑ እኮ አጠገቡ ነው፤ እኔ ክርስትና የተነሣሁበት። ውስጥ ለመግባት ያልደፈረ ሰው እዚያ ግድግዳ ሥር ሆኖ ነው የሚያስቀድሰው። ሠዓሊው ፍርስራሹ ብቻውን እንዲያምርለት ቤተ ክርስቲያኑን አስቀረው፤ ጸሎተኛውም እንቅልፋም ሆኖ ቀረ።»

እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሥዕሉን አውርጄ የፍሬሙን መስተዋት ከፈትኩና እርሳስ አነሣሁ። «ቤተ ክርስቲያኑ የት ጋ ነው?»

«በስተቀኝ። ሣዪ! በሩን ወደ ሰውየው አድርጊው፣ ድምፁ እንዲደርሰው።»

በማግስቱ አስተማሪዬ የድሮ ሥዕል ላይ አይጨመርም፣ አጥፊው ብላ ላጲስ ዘረጋችልኝ። አላጠፋሁም። ማርክ ተቀነሰብኝ። ይቀነስ!

አባባ ካረፉ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ የፍርስራሽ ሥዕል ባየሁ ቁጥር፣ ሠዓሊዎቹ ከወረቀቱ ውጭ ማንን አስቀርተው ይሆን እላለሁ። ሥዕሉ አሁን ዳንፎርዝ መንገድ አጠገብ ባለው ቤቴ ተሰቅሏል። ባለፈው ሰሞን ልጄ ቀና ብላ አየችውና፣ «ማሚ፣ ሰውየው ለምን ተኛ?» አለችኝ። ክው አልኩ። ለካ በእርሳስ የሣልኩት ቤተ ክርስቲያን ደብዝዟል።

ሥዕሉን አውርጄ መስተዋቱን ከፈትኩ። «በስተቀኝ ቤተ ክርስቲያን ሣዪ፤ በሩን ወደ ሰውየው አድርጊው» አልኳትና እርሳሱን ሰጠኋት።